«አየሁ» እና «ታየኝ»፦ የራስን ተሞክሮ በማስመሪያ መለካት ይቻላል?

ብራና (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ንቃተ ኅሊና የምናደርገው ክርክር ሁሌም ቶሎ ወደ ትልልቁ ጥያቄ ይዘልላል። ስለዚህ ይህን ክር በአንድ ወረቀት፣ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ማስመሪያ ልጀምረው።

ቋንቋችን እዚህ ላይ በጣም ይረዳናል። «አየሁ» ስንል ባለቤቱ እኛ ነን፤ እዚያ ማዶ አንድ ነገር እንዳለ እየመሰከርን ነው። «ታየኝ» ስንል ግን ተቀባዮች ነን፤ ነገሩ ኖረም አልኖረም መታየቱን ብቻ እንናገራለን። «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ» የሚሉትም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። «አየሁ» ሊሳሳት እንደሚችል ማንም ያምናል። «ታየኝ» ግን አይሳሳትም እንላለን፤ ፈላስፋው ዴካርትም በ1641 ባሳተመው ሥራው ሁሉን ከጠረጠረ በኋላ «ቢያንስ የማይ መስሎ ይታየኛል» የሚለውን ሊጠራጠረው አልቻለም። እኔ የምለው በሁለቱ ላይ ሦስተኛ እንጨምር ነው፤ እሱም «ታየኝ ብዬ አምናለሁ» ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ክፍተት አለ፤ ክፍተቱም ይለካል።

ሙከራው ይኸው። ነጭ ወረቀት አግድም አስቀምጡ። በግራ በኩል ትንሽ የመስቀል ምልክት ሥሩ። ከምልክቱ በስተቀኝ 8 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን በመዳፍ ሸፍኑት፤ መጨፈን ቀኙንም ስለሚያጠብበው መሸፈኑ ይሻላል። ወረቀቱን 50 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ በቀኝ ዓይን መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ቀስ በቀስ አቅርቡት። 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ይጠፋል። 25 አካባቢ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ከሬቲናው (ከዓይን ኋላ ካለው ብርሃን ተቀባይ ንጣፍ) ተሰብስበው ወደ አንጎል በሚወጡበት ቦታ ላይ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ የለም፤ «ዕውር ቦታ» የሚባለውም እሱ ነው። ያ ቦታ በእይታ ሜዳችን ውስጥ ከምናተኩርበት ነጥብ ወደ ጆሮ በኩል 15 ዲግሪ ያህል ይርቃል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ 15 ዲግሪ ማለት ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ፈረንሳዊው ማሪዮት በ1660ዎቹ እስኪያገኘው ድረስ የሰው ልጅ ይህን ጉድጓድ በሁለቱም ዓይኖቹ ተሸክሞ አላወቀውም። ኦክቶፐስ የለበትም፤ የእሱ የነርቭ ክሮች ከሬቲናው በስተጀርባ ስለሚያልፉ ሬቲናውን መብሳት አያስፈልጋቸውም።

አሁን ጥያቄዬ። ነጥቡ ሲጠፋ በቦታው ምን ታያችሁ? ነጭ ወረቀት ታየኝ የምትሉ ከሆነ፣ እርግጠኛ ናችሁ?

ጀማሪ_ነኝ

ለዚህ መድረክ አዲስ ነኝ፤ ጥያቄዬ ቀላል ከሆነ ይቅርታ። እንደተጻፈው ሁሉን አድርጌ ነጥቡ አልጠፋም። ትንሽ ይደበዝዝና ይመለሳል። ዓይኔ ችግር አለበት ማለት ነው?

ብሌን

ጀማሪ፣ አይስጉ፤ ይህ ብዙ ሰው የሚያጋጥመው ነው። በመጀመሪያ የትኛው ዓይን እንደተሸፈነ ያረጋግጡ። የሚያየው ቀኝ ዓይን ከሆነ ነጥቡ ከመስቀሉ በስተቀኝ መሆን አለበት፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ከሆነ ፈጽሞ አይጠፋም።

ዋናው ጥፋት ግን የዓይን መሸሽ ነው። ልባችን ነጥቡ ላይ ሲሆን ዓይናችን ሳናውቀው ይከተለዋል። እንዲህ ሲሆን ነጥቡ ለቅጽበት ይጠፋና «ይመለሳል»፤ የእርስዎ «ይደበዝዝና ይመለሳል» ይህን ይመስላል። መድኃኒቱ ሌላ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ብሌንዎን እንዲያይ ማድረግ ነው። ትንሽ እንኳ ወደ ጎን ሲል ለሚያየው ሰው ግልጽ ነው፤ ለባለቤቱ ግን አይታወቀውም። ይህ ራሱ ለብራና ጥያቄ ማስረጃ ይመስለኛል። ሰው ዓይኑ የት እንደሚያይ እንኳ በትክክል አያውቅም።

ሦስተኛው የወረቀቱ ማጋደል ነው። የዕውሩ ቦታ መሃል ከዓይን መስመር በ1.5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ የወረቀቱ ቀኝ ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ ካለ፣ ነጥቡ በላይኛው ጠርዝ በኩል ያመልጣል። አዲስ ወረቀት ላይ ነጥቡን ከመስቀሉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ይሥሩት። ጭንቅላትዎንም አያዘንብሉ። ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ርቀቱ በጥቂቱ ሊለወጥ ይችላል።

እርሳስ

ብራና ላነሳው ጥያቄ፦ «አንጎል ጉድጓዱን ይሞላዋል» የሚለው አባባል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈላስፋው ዳንኤል ዴኔት አጥብቆ የተከራከረበት ነጥብ ነው። እንደ እሱ አነጋገር፣ አንጎል ውስጥ ተቀምጦ የተሞላውን ሥዕል የሚያይ ሌላ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሥዕል መሙላትም አያስፈልግም። ከዚያ ቦታ ምንም ወሬ አይመጣም፤ ወሬ ስላልመጣም «እዚህ ጉድጓድ አለ» የሚል የለም። አንድ መልእክት አለመድረሱና «መልእክት የለም» የሚል መልእክት መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጉድጓዱ የማይታወቀን በመጀመሪያው ምክንያት ነው፤ ማንም ቀለም ስለቀባው አይደለም።

ብሌን

ወንድሜ እርሳስ፣ ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በፍልስፍና ብቻ አይፈታም። ሁለቱን የሚለይ ሙከራ አለ። ነጥቡን በተዉት ወረቀት ላይ ነጥቡ በነበረበት ቦታ የሚያልፍ ቀጥ ያለ ወፍራም መስመር ሥሩ፤ መሃሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉለት። ክፍተቱ ዕውሩ ቦታ ላይ ሲወድቅ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ መስመሩን ከአንድ ወገን ብቻ አምጡትና ጫፉ ዕውሩ ቦታ ውስጥ እንዲያልቅ አድርጉ። በዚህ ጊዜ አይቀጥልም፤ ጠርዙ ላይ ያቆማል። የሚያያዘው መስመሩ ከሁለቱም ወገን ሲገባ ብቻ ነው።

ዝም ብሎ «አለማስተዋል» ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር? ጦጣዎች ላይ በተደረጉ የነርቭ ሕዋስ ቅጂዎችም፣ ዕውሩን ቦታ በሚወክለው የመጀመሪያው የእይታ ክፍል ውስጥ ያሉ ሕዋሳት በእንዲህ ያለ ጊዜ ይሠራሉ። ዓይን ያልላከውን ነገር አንጎል በራሱ እየገመተ ይሠራዋል ማለት ነው። ቢያንስ ለመስመርና ለጠርዝ ዴኔት ተሸንፏል ብዬ አምናለሁ። ለሰፊ ነጭ ሜዳ ግን አሁንም እሱ ልክ ሊሆን ይችላል።

ሰሌዳ

ከዕውሩ ቦታ የባሰ አለላችሁ። ዕውሩ ቦታ ትንሽ ነው። የሚያስደነግጠው የቀረው ሜዳ ነው።

ሁላችንም ፊታችን ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ከነቀለሙ እንደሚታየን እናምናለን። ይህን ለመፈተን አምስት የተለያየ ቀለም ያላቸው እርሳሶችና አንድ ረዳት ይበቃሉ። ግድግዳው ላይ አንድ ምልክት አድርጉና በሁለቱም ዓይን እሱን ብቻ ተመልከቱ። ረዳቱ ከኋላችሁ ሆኖ አንዱን እርሳስ በዕጣ ያውጣ፤ በራሱ ምርጫ ከሆነ ሳያስበው ተራ ይይዛል። ከዚያ በጆሯችሁ ትይዩ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት፣ እርሳሱን እያወዛወዘ በጣም ቀስ ብሎ ወደ ፊት ያምጣው። ሦስት ጊዜ ተናገሩ፤ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ስታውቁ፣ ቀለሙን በእርግጠኝነት ስትለዩ፣ እርሳሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስትችሉ። እንቅስቃሴው መጀመሪያ ይመጣል። ቀለሙ ብዙ ቆይቶ ነው። ጽሑፉ ግን እርሳሱ ምልክቱ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ብቻ ነው፤ በጣም ጥርት አድርገን የምናየው ሜዳ ክንዳችንን ዘርግተን ስናየው የአውራ ጣታችንን ጥፍር ያህል፣ 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነውና።

ሙከራውን የሚያበላሸው እርሳሶቹን ቀድሞ ማየት ነው። ቀለሙን የሚያውቅ ሰው ገና ከጆሮው አጠገብ ሳለ «ቀይ ሆኖ ታየኝ» ይላል፤ እየዋሸ አይደለም። ስለዚህ ረዳቱ ከቦርሳ ያውጣቸው፤ ቢያንስ 10 ጊዜ ደጋግሙት፤ የተሳሳተውንም መልስ መዝግቡ።

ዓይናችን በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ስለሚዘል፣ አንድን ነገር ጥርት ብሎ እንደሆነ በጠየቅን ቁጥር ጥርት ብሎ እናገኘዋለን፤ ዓይናችን ቀድሞ ደርሷልና። ሜዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥርት ያለ የሚመስለን ለዚህ ነው።

እርሳስ

ሰሌዳ፣ ሙከራህን እቀበላለሁ፤ መደምደሚያህን ግን አልቀበልም። «መናገር አልቻለም» እና «አልታየውም» አንድ አይደሉም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ስፐርሊንግ በ1960 ያሳተመውን አስታውስ። 12 ፊደላት፣ በሦስት ረድፍ አራት አራት ሆነው፣ ለ50 ሚሊ ሴኮንድ ይታያሉ። ያየኸውን ሁሉ ተናገር ሲባል ሰው አራት ወይም አምስት ይናገርና «ሁሉም ታይተውኝ ነበር፤ ስናገር ጠፉብኝ» ይላል። ስፐርሊንግ ይህን ቅሬታ ችላ አላለውም፤ ፈተነው። ፊደላቱ ከጠፉ በኋላ ድምፅ አሰማ፤ ቀጭን ድምፅ ከሆነ የላይኛውን ረድፍ፣ መካከለኛ ከሆነ የመሃሉን፣ ወፍራም ከሆነ የታችኛውን እንዲናገሩ። ሰዎቹ የተጠየቁትን ረድፍ፣ የትኛውም ይሁን፣ ከአራቱ ሦስቱን ያህል ተናገሩ። የትኛው እንደሚጠየቅ አስቀድመው ስለማያውቁ፣ ዘጠኝ ያህል ፊደል በእጃቸው ነበር ማለት ነው። ድምፁ በአንድ ሴኮንድ ከዘገየ ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

እና ቅሬታቸው ትክክል ነበር። ሰው «ከምናገረው በላይ ታየኝ» ሲል አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ነው።

ብራና

ይህ ያስደስተኛል፤ ክርክሩን ሁለቱም ወገን ላይ ስለሚቆርጠው። በሰሌዳ ሙከራ ሰው ከታየው በላይ ታየኝ ይላል። በስፐርሊንግ ደግሞ ከሚናገረው በላይ ይታየዋል። ስለዚህ «ሰው ስለ ራሱ ተሞክሮ የሚናገረው ሁሉ ከንቱ ነው» ማለትም፣ «ሰው ስለ ራሱ አይሳሳትም» ማለትም አይቻልም። ቃሉን እንደ ሚዛን እንየው፤ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ካወቅን እንጠቀምበታለን። ለእይታ ይህን ማድረግ ተችሏል። ለሐሳብስ? ደወል፣ አንተ የምታውቀው ነው።

ደወል

እስካሁን ሳነብ ነበር። አዎ፣ ለሐሳብም መንገድ አለ፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ራስል ኸርልበርት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያዳበረው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ በትክክል ለመሥራት ግን ከባድ ነው።

የሚያስፈልገው ባልታሰበ ጊዜ የሚጮህ መሣሪያና ትንሽ ደብተር ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ያህል ይጩህ። ሲጮህ የምትመዘግቡት ድምፁ ከመሰማቱ ልክ በፊት በነበረችው ቅጽበት ውስጥ የነበረውን ብቻ ነው። ከመጮሁ በኋላ ያሰባችሁትም፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት የነበረውም አይገባም። ወዲያው ጻፉት፤ ትንሽ ከቆየ ትዝታው ራሱን ማሳመር ይጀምራል። በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ስለ እያንዳንዷ ቅጽበት ይጠይቃችሁ። የጠያቂው ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነው፤ «በዚያች ቅጽበት ምን ነበር?» «በቃል ነበር ያሰብከው?» ብሎ የሚጠይቅ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሰው «ስለ ነገ ሥራ እያሰብኩ ነበር» ብሎ ይጽፋል። ይህ ርእስ እንጂ ተሞክሮ አይደለም። በቃል ነበር? በማን ድምፅ? ቃሉስ ምን ነበር? ወይስ የተቀመጠበት ክፍል በዓይነ ኅሊና ታይቶ ነበር? ወይስ ቃልም ሥዕልም ሳይኖር ሐሳቡ ብቻ ነበር? ሌላው ጥፋት ምክንያት መጻፍ ነው፤ «ደክሞኝ ስለነበር...» የሚለው ማብራሪያ ነው፣ ይሰረዝ። ሦስተኛው «ሁልጊዜ እኔ...» ብሎ መጀመር ነው። ደወሉ ስለ ሁልጊዜ አልጠየቀም። የመጀመሪያውን ቀን መዝገብ ሙሉ በሙሉ ጣሉት፤ የመጀመሪያው ቀን ሙያውን መማሪያ ብቻ ነው።

ምን ተገኘ? በ2008 በታተመ ሥራ 30 ተማሪዎች ላይ አምስት ነገሮች ጎልተው ወጡ፤ ውስጣዊ ንግግር፣ ውስጣዊ ሥዕል፣ ቃልም ሥዕልም የሌለው ሐሳብ፣ ስሜት፣ እንዲሁም የአንድን ነገር ቀለም ወይም ልስላሴ ለራሱ ብሎ ማስተዋል። እያንዳንዳቸው ከ22 እስከ 34 በመቶ በሚሆኑት ቅጽበቶች ውስጥ ተገኙ። አንዷ ቅጽበት ከአንድ በላይ ልትይዝ ትችላለች። ከአማካዩ በላይ የሚገርመው ግን የሰው ከሰው ልዩነት ነው፤ አንዱ ላይ ውስጣዊ ንግግር ጭርሱን አይገኝም፣ ሌላው ላይ ከግማሽ በላይ ነው።

ጀማሪ_ነኝ

ሐሳብማ በቃል ነው የሚታሰበው ብዬ ነበር የማምነው። ስልኬ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ እንዲጮህ ባደርገው ይሆናል?

ደወል

አይሆንም። በእኩል ልዩነት ከጮኸ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በኋላ መጠበቅ ይጀምራሉ፤ ከዚያ የሚመዘግቡት የመጠበቅን ቅጽበት ይሆናል። ባልታሰበ ጊዜ የሚጮህ መተግበሪያ ከሌለ፣ ሌላ ሰው ስድስት ማንቂያዎችን በዕጣ ባወጣቸው ሰዓቶች ይሙላልዎትና ሰዓቶቹን አይንገርዎት።

«ሐሳብ በቃል ነው» ስላሉት፦ ይህን የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ መዝገባቸው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ይላል። ስለዚህ ነው አጠቃላይ መጠይቅ ላይ «ምን ያህል ጊዜ በቃል ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅን የማላምነው። መልሱ ስለ ሰውዬው እምነት ነው።

ሰሌዳ

የአንጎል ተመራማሪው የሊቤት ሙከራም ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በ1983 በታተመው ሥራ ሰዎች በፈለጉ ጊዜ እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱና «ፍላጎቱ መቼ መጣ?» የሚለውን በ2.56 ሴኮንድ አንድ ዙር የሚዞር የብርሃን ነጥብ እያዩ እንዲናገሩ ተደረገ። ፍላጎቱ ከእንቅስቃሴው 200 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ቀድሞ፣ በአንጎል የኤሌክትሪክ ምልክት የሚታየው ዝግጅት ደግሞ 550 ያህል ቀድሞ ተገኘ። ከዚህ ተነሥቶ ነጻ ፈቃድ የለም ተባለ። ነገር ግን ሊቤት ራሱ ሰዎቹን ቆዳቸው ሲነካ መቼ እንደተሰማቸው ቢጠይቃቸው በአማካይ 50 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ሳቱ። ሚዛኑ ያጋድላል። በ2012 ደግሞ ሹርገርና ባልደረቦቹ ያ «ዝግጅት» ከፍ ዝቅ የሚል የአንጎል ሁካታ በአማካይ ሲደመር ብቻውን ሊፈጥረው የሚችል ቅርጽ መሆኑን አሳዩ። በዚህ ሙከራ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ስለ ፈቃድ መፍረድ ስህተት ነው።

የማለዳ_ኮከብ

ሁሉንም በትጋት አነበብኩ። ግን ዋናው ጥያቄ አልተነካም። የነጥቡን መጥፋት፣ የቀለሙን ርቀት፣ የፊደላቱን ቁጥር ለካችሁ። ለምንድን ነው ግን ጭርሱን አንድ ነገር «የሚታየው»? ፈላስፋው ላይብኒዝ በ1714 ይህን በወፍጮ አስመስሎታል። አሳቢውን መሣሪያ አግዝፋችሁ ውስጡ ብትገቡ፣ እርስ በርስ የሚገፋፉ ክፍሎችን እንጂ መታየትን የሚያስረዳ ነገር አታገኙም። ፈላስፎቹ ናጌል በ1974 «የሌሊት ወፍ መሆን ምን ይመስላል?» ብሎ፣ ቻልመርስም በ1995 «ከባዱ ችግር» ብሎ የጠየቁት ይህንኑ ነው። ማስመሪያችሁ ወፍጮው ውስጥ ነው ያለው።

እርሳስ

የማለዳ ኮከብ፣ ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ማስመሪያው እንደማይፈታውም እስማማለሁ። በ1998 የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ የንቃተ ኅሊና የነርቭ አሻራ በ25 ዓመት ውስጥ በግልጽ ይገኛል ብሎ ከቻልመርስ ጋር ተወራረደ፤ በ2023 ኮክ መሸነፉን አምኖ የተወራረዱበትን ወይን ጠጅ አስረከበ። በ2025 የታተመውም የሁለት ተፎካካሪ ንድፈ ሐሳቦች ፍተሻ፣ 256 ሰዎች ተሳትፈውበት፣ ሁለቱንም አቁስሎ ነው የወጣው። አንዱ በአንጎል የኋላ ክፍል ይኖራል ያለው የማይቋረጥ ቅንጅት አልተገኘም፤ ሌላው ሥዕሉ ሲጠፋ በፊተኛው ክፍል ይቀጣጠላል ያለው በአብዛኛው አልተቀጣጠለም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በል። እነዚህ ሁሉ ሙከራዎች «አሁን ታየኝ» ከሚለው የሰው ቃል ነው የሚነሡት። የሚዛኑን ማጋደል ሳናርም ወፍጮው ውስጥ ብንገባ፣ የምንፈልገው ነገር ምን እንደሚመስል እንኳ በትክክል አናውቅም።

የማለዳ_ኮከብ

ይህን እቀበላለሁ። ቅደም ተከተሉ እንጂ ጥያቄው አልተቀየረም።

ጀማሪ_ነኝ

ተሳክቷል! ነጥቡን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረግኩት፤ እህቴም ዓይኔን ጠበቀችልኝ። ሙሉ በሙሉ የጠፋው 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ጫፉ ብቅ ያለው 26 ላይ። ከዚህ የዕውሩን ቦታ ስፋት ማስላት ይቻላል?

ብሌን

ይቻላል፤ ግን የነጥቡን መሃል አይጠቀሙ። ወረቀቱ ከሩቅ ሲመጣ መጨረሻ ላይ የሚገባው ለመስቀሉ የቀረበው የነጥቡ ጠርዝ ነው፤ እሱም ከመስቀሉ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። 7.5ን ለ35 አካፍለው በሒሳብ ማሽኑ የታንጀንቱን ግልባጭ ቢያወጡ 12.1 ዲግሪ ይሆናል። ሲቀርብ ቀድሞ የሚወጣው የውጭው ጠርዝ ነው፤ 8.5 ለ26፣ ይህም 18.1 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ 6 ዲግሪ። የተለመደው ከ5 እስከ 6 ስለሆነ መለኪያዎ ጥሩ ነው። ርቀቱን የለኩት ከዓይንዎ እስከ መስቀሉ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ፤ ከአፍንጫዎ ጫፍ ከሆነ ሁለቱም ቁጥሮች ይሳሳታሉ። ለግራ ዓይን ሲያደርጉ ደግሞ ወረቀቱን አይገልብጡት፤ ነጥቡ ዝቅ ስላለ ሲገለበጥ ከፍ ይላል። አዲስ ይሥሩ፤ ነጥቡን ከመስቀሉ በስተግራ።